ቲራና በዲሴምበር፦ አልባኒያ ለዩሮቪዥን ዘፈን ስትመርጥ

ዩሮቪዥን በሚባለው የአውሮፓ ዓመታዊ የዘፈን ውድድር የሚሳተፉት አብዛኞቹ አገሮች የሚወክላቸውን ዘፈን የሚያሳውቁት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባሉት ሳምንታት ነው። አልባኒያ ግን ዲሴምበር ላይ ጨርሳ ታርፋለች። ምርጫው ለዩሮቪዥን ተብሎ የተፈጠረ አይደለምና። «ፌስቲቫሊ ኢ ከንገስ» የሚሉት የዘፈን ፌስቲቫል በ1962 ሲጀመር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) አገሪቱ ዩሮቪዥን ለመግባት ገና ከአርባ ዓመት በላይ ይቀራት ነበር። ስለዚህ ይህን ነገር በቦታው ማየት የሚፈልግ ሰው ቲራና የሚገባው በዝናቡ ወቅት ነው፤ እኔም በዝናብ ገባሁ።

ከሪናስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መሀል ከተማ በአውቶቡስ 400 ሌክ ከፈልኩ፤ ወደ አራት ዩሮ ነው። የሚያናድደው ከወረዱ በኋላ ያለው ሂሳብ ነው። አልባኒያ በ1965 ገንዘቧን ስትቀይር አሥር አሮጌ ሌክ አንድ አዲስ ሌክ ሆነ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎም ብዙ ሰው ዋጋ የሚጠራው በአሮጌው ነው። 500 ሌክ የሚያወጣውን «አምስት ሺህ» ይላሉ፤ ክፉ አስበው ሳይሆን ልማድ ሆኖባቸው ነው። አንድ ባለታክሲ ግን ልማዱን መደበቂያ አድርጎት እውነተኛ አምስት ሺህ ካልተከፈለኝ ብሎ ድርቅ አለ። ከኪዮስኳ ብቅ ያለች ሴት ጉዳዩን ሰምታ በሁለት ዓረፍተ ነገር አሳፈረችው፤ 500 ተቀብሎ ሄደ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከመስማማቱ በፊት «በአዲሱ ነው በአሮጌው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ማንም አይቀየምም።

ፌስቲቫሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በኮንግረስ ቤተ መንግሥት ነው። ከስካንደርቤግ አደባባይ ተነስቶ ሰፊውን የሰማዕታት ጎዳና ወደ ደቡብ ይዞ፣ ላና የምትባለውን ወንዝ ተሻግሮ፣ ፒራሚድ የሚባለውን ሕንፃ አልፎ በእግር ይደረሳል። በ1986 የተሠራው ለኮሙኒስቱ ፓርቲ ጉባኤ ነበር፤ ከፊት ለፊቱ ሲያዩት ዛሬም ጉባኤ ጉባኤ ይላል። ውስጡ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የብሔራዊው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ኦርኬስትራ መሣሪያውን ሲቃኝ የሰማሁት ድምፅ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባው ብሔራዊ ቴአትር ወሰደኝ፤ ዘፋኝ ከኋላው ሠላሳ አርባ ሰው ተቀምጦ የሚያጅበው ትልቅ ነገር ሊናገር ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

ዩሮቪዥን ኦርኬስትራን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በ1998 በበርሚንግሃም ነው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃው ሁሉ ተቀድቶ ይመጣል፤ ዋናው ድምፃዊ ግን በቀጥታ ይዘፍናል። ቲራና ኦርኬስትራዋን ይዛ መቆየቷ ዝግጅቱን ከአብዛኞቹ አገሮች ምርጫ የሚለይ ክብር ሰጥቶታል፤ ሥራውንም በብዙ እጥፍ አክብዶታል። ዛሬ ዘፈን የሚሠራው ወጣት በኮምፒውተር ነው። ያንን ዘፈን ኦርኬስትራ እንዲጫወተው አቀናባሪ ለቫዮሊኑ፣ ለነፋስ መሣሪያው፣ ለባሱ ለየብቻ ኖታ መጻፍ አለበት። ዘፋኟ በልምምድ ቀን «ቁልፉ ከፍ ብሎብኛል፣ ግማሽ ድምፅ አውርዱልኝ» ካለች የሁሉም ኖታ እንደገና ይጻፋል፤ እሱ ሌሊቱን የሚያሳድር ሥራ ነው። የተቀዳ ምት ያለበት ዘፈን ከሆነ ደግሞ የኦርኬስትራው መሪና ከበሮ መቺው ምቱን በጆሯቸው እየሰሙ ነው የሚሄዱት። ዘፋኙ ስሜት ይዞት ስንኙን ቢጎትት ሊጠብቁት አይችሉም፤ ሁለት መስመር ሳይሄድ ጥሎት ያልፋል። የከበሮው ድምፅ ወደ ቫዮሊኖቹ ማይክሮፎን ሾልኮ ስለሚገባም የድምፅ ባለሙያው ቫዮሊን ከፍ ባደረገ ቁጥር ከበሮውም አብሮ ይጮሃል። ከበሮ መቺውን በመስታወት መከለል የመጣው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለውን ልምምድ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የተከታተለ ሰው፣ ማታ በቴሌቪዥን «ድምጿ ጠፋ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የዘፋኟ ጥፋት እንዳልሆነ ይገባዋል።

ብሎኩ በሚባለው ሰፈር፣ በኮሙኒስቱ ዘመን ባለሥልጣናት ብቻ ይኖሩበት በነበረው፣ አሁን ካፌ ከካፌ ተያይዟል። ማኪያቶ እዚያም ማኪያቶ ነው፤ አነስ ያለና ጠንካራ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ለፌስቲቫሉ መምጣቴን ሲሰሙ ወንበራቸውን አዞሩ። የልጅ ልጃቸው እያስተረጎመች የመጀመሪያዋን አሸናፊ ቫቼ ዜላን፣ ቀጥሎም የ1972ቱን ፌስቲቫል አነሱልኝ። ያ ዓመት በአልባኒያ ሙዚቃ ውስጥ ትልቅ ጠባሳ ነው። ቶኒን ተርሻና ስለ ጸደይ መምጣት ዘፍኖ አሸነፈ፤ መድረኩ ከወትሮው ፈታ ያለ፣ አለባበሱም ዜማውም አዲስ ነበር። የአገሪቱ ኮሙኒስት መሪ ኤንቨር ሆጃ ይህን የውጭ ተጽዕኖ ብሎ ፈረጀው። የሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ኃላፊ ቶዲ ሉቦንያና ዝግጅቱን የመራው ሚሃላክ ሉዋራሲ ታሰሩ፤ ዘፋኙ ሸሪፍ መርዳኒም ዓመታት በእስር አሳለፈ። ፌስቲቫሉ ግን አልተሰረዘም፤ በየዓመቱ ቀጠለ፣ ግጥሙም ዜማውም በጥብቅ እየታየ። አዛውንቱ «ዘፈን ሲመረጥ ቤተሰብ ሁሉ ራዲዮኑ ዙሪያ የሚሰበሰበው ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ብቻ አልነበረም» አሉኝ። ቡናዬን እንድከፍልም አልፈቀዱልኝም።

ማረፊያዬ ማሞቂያ ነበረው፤ መሥራት ግን አልነበረውም። ካፖርት ለብሼ ያደርኩበትን ያንን ሌሊት በዚሁ እተወዋለሁ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። የአልባኒያ ሕዝብ በ2023ቱ ቆጠራ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ነው። የተወዳዳሪዎቹ ምንጭ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ ዘፈኑ በአልባኒያኛ ይሁን እንጂ ዘፋኙ ከኮሶቮም ሆነ ከስደት ሊመጣ ይችላል። ኮሶቮ ዩሮቪዥንን የሚያዘጋጀው የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት አባል ስላልሆነች የራሷን ዘፋኝ ለዩሮቪዥን መላክ አትችልም፤ የልጆቿ በር ቲራና ናት። በ2012 ባኩ ላይ አምስተኛ ወጥታ ለአልባኒያ እስካሁን ከፍተኛውን ውጤት ያመጣችው ሮና ኒሽሊዩ የኮሶቮዋ ሚትሮቪጻ ልጅ ናት።

ጭቅጭቁ ያለው «ማን ይምረጥ» የሚለው ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት የዳኞች ድምፅ ብቻ ይወስን ነበር። በዲሴምበር 2019 ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ሐሳቡ ይገባኛል፦ በትንሽ አገር ዜማ ደራሲው፣ ዳኛውና ቫዮሊን ተጫዋቹ ይተዋወቃሉ፣ ምናልባትም አንድ ክፍል ተምረዋል፤ የውጭ ዳኛ ይሉኝታ የለበትም። ነገር ግን አሪሌና አራ አሸንፋ፣ ብዙ ሰው የጠበቃት ኤልቫና ጃታ ሁለተኛ ስትሆን ቁጣው ከባድ ሆነ። በዲሴምበር 2022 መፍትሔ ተብሎ ሽልማቱ ለሁለት ተከፈለ፦ የፌስቲቫሉን አሸናፊ ዳኞች፣ የዩሮቪዥኑን ተወካይ ሕዝብ መረጠ። ኤልሳ ሊላ ዋንጫውን ወሰደች፤ ለዩሮቪዥን ሊቨርፑል የሄደችው ግን አልቢና ኬልመንዲ ከነቤተሰቧ ነበረች። በቀጣዩ ዓመትም ማል ሬትኮቸሪ አሸነፈ፣ ቤሳ ተላከች። በዲሴምበር 2024 ሁለቱ እንደገና አንድ ሆነው ሽኮድራ ኤሌክትሮኒኬ የተባለው ጥንድ ሁለቱንም ያዘ። እኔ ክፍፍሉን እመርጥ ነበር። ለአገር ጆሮ የሚዳኝ ሰው ለውጭ ገበያ እንዲያስብ ሲገደድ ሁለቱንም በግማሽ ልብ ነው የሚሠራው።

በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዤ ሽኮድርንም አየሁ፤ ብስክሌት የበዛበት ከተማ ነው። የዚያ አካባቢ የሰሜኑ ዘዬ «ዜርም» በተባለው በዚሁ ጥንድ ዘፈን ውስጥ እንዳለ ነው የገባው። በ2025 ባዝል ላይ ስምንተኛ ሲወጡ ከ218 ነጥባቸው 173ቱ የመጣው ከተመልካች ነው። በስዊዘርላንድ፣ በጣሊያንና በጀርመን የሚኖረው አልባኒያዊ ስልኩን ማንሳቱ ምንም አያጠራጥርም፤ ብቻውን ግን ይህን ያህል ነጥብ አያመጣም።

ካሸነፉ በኋላ ያለው ሥራ ነው ብዙ ዘፈን የሚያበላሸው። ከፍጻሜው ምሽት አንሥቶ ዘፈኑ ተጠናቅቆ ለዩሮቪዥን እስከሚሰጥበት እስከ ማርች አጋማሽ ድረስ ያለው ጊዜ ወደ አሥራ አንድ ሳምንት ነው። የዩሮቪዥን ዘፈን ከሦስት ደቂቃ ማለፍ የለበትም፤ መድረክ ላይም ከስድስት ሰው በላይ አይወጣም። በኦርኬስትራ የተዘረጋ የአራት ደቂቃ ዘፈን ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሄደው መግቢያው ነው፤ ቀጥሎ የሁለተኛው ስንኝ ግማሽ፤ ከዚያም ወደ መጨረሻው አዝማች የሚያሸጋግረው ድልድይ። ችግሩ ያ ድልድይ የመጨረሻውን ጩኸት የሚያጸድቀው መሆኑ ነው። እሱ ሲወጣ ዘፋኟ ያለ ምክንያት የጮኸች ትመስላለች። ቀጥሎ ኦርኬስትራው በተቀዳ ድምፅ ይተካል፤ እውነተኛ ቫዮሊን ካልተቀዳ ሰፊ የነበረው ነገር ይቀጥናል።

ከዚያ የቋንቋው ጉዳይ ይመጣል። አንዬዛ ሻሂኒ በ2004፣ አልባኒያ መጀመሪያ በገባችበት ዓመት፣ ዘፈኗን ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ኢስታንቡል ላይ ሰባተኛ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ያንኑ መንገድ ተከተሉ። የ2014፣ የ2016ና የ2017 ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ሄደው ከግማሽ ፍጻሜ አላለፉም። ዜማው ለአልባኒያኛ ስንኝ ተቆርጦ የተሰፋ ስለሆነ እንግሊዝኛው ሲገባበት ጫናው የማይገባበት ፊደል ላይ ያርፋል፤ ዘፋኟም ስሜቷን ትታ ቃላቱን ታሳድዳለች። ኤውጌንት ቡሽፔፓ በ2018 በአልባኒያኛ ዘፍኖ ሊዝበን ላይ አሥራ አንደኛ ሆነ። በእርግጥ የ2013ቱም በአልባኒያኛ ነበር፣ አላለፈም፤ ቋንቋ ብቻውን ደካማ ዘፈን አያድንም። የባለቤትነት ጉዳይም አለ፦ ለ2015 የተመረጠውን የኤልሃይዳ ዳኒን ዘፈን ደራሲዎቹ ስላነሱት በሌላ ዘፈን ነው ቪየና የሄደችው። ከመወዳደራቸው በፊት «ካሸነፍን ማን ይቆርጣል፣ ማን ይተረጉማል» የሚለውን በጽሑፍ የተፈራረሙ ይህ አይደርስባቸውም።

ለመሄድ ለሚያስብ፦ ፌስቲቫሉ በአብዛኛው ሦስት ምሽት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ዘፈኖቹን ሁሉ በደንብ መስማት የፈለገ የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ይያዝ። የፍጻሜው ምሽት በእንግዳ ዘፋኞችና በንግግር ይረዝማል፤ ውጤት ሲነገር እኩለ ሌሊት ስለሚጠጋ የሚመለሱበትን ታክሲ ዋጋውን በአዲሱ ሌክ ተስማምቶ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።