ጉባር ካለፈ በኋላ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ

ሪያድ ወይም ኩዌት የሚኖር ሰው ጉባር፣ ማለትም የአቧራ ማዕበል፣ ሲነሳ በርና መስኮት መዝጋት ያውቅበታል። የሚዘናጋው ነፋሱ ከቆመ በኋላ፣ ቤት ሲጸዳ ነው። በተለይ ሸማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ በሚበረታበት በሰኔና በሐምሌ አቧራው ደጋግሞ ስለሚመጣ ጽዳቱም አያልቅም።

በዓይን የሚታየው አሸዋ ከባድ ስለሆነ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ያስነጥሳል፣ ይከረክራል፣ ያልፋል። ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች ያለው ብናኝ ግን ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ይገባል፤ ከ2.5 በታች ያለው ደግሞ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይወርዳል። ይሄ ደቃቁ ነፋሱ ከረገበም በኋላ አየር ላይ ይቆያል። ምንጣፍ ላይ ያረፈውን በደረቅ መጥረጊያ መምታት እንደገና ማስነሳት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስክ። ሻሽ መጠምጠም አሸዋውን እንጂ ደቃቁን አያስቀርም፤ ሰማያዊው የሐኪም ማስክም በጎን ያስገባል። የሚያዋጣው ኤን-95 ወይም ኤፍኤፍፒ-2 የሚባለው፣ ደቃቁን የሚያጣራ ማስክ ነው። የአፍንጫውን ሽቦ ተጭናችሁ በኃይል ተንፍሱ፤ በጉንጭ በኩል አየር ካመለጠ በደንብ አልገጠመም ማለት ነው። ማዳም «ቶሎ በይ» ብትልም ማስኩ እስከ መጨረሻው አይወለቅ።

ከላይ ወደ ታች ውረዱ፦ መደርደሪያውንና መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ፣ ወለሉን መጨረሻ ላይ በእርጥብ መወልወያ። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ካልቀየራችሁት ጭቃ ማዳረስ ነው። ሄፓ ፊልተር (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ) የሌለው ቫኪዩም ደቃቁን በኋላው መልሶ ይተፋዋል። ኤሲውንም አጥፍታችሁ ፊልተሩን አውጡና እጠቡ፤ በደንብ ሳይደርቅ ከመለሳችሁት ይሻግታል።

ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፣ አሸዋው ይቧጭራል። በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ሌንስ ካለ መጀመሪያ ይውጣ። አፍንጫ ለማጠብ ፈልቶ በቀዘቀዘ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሆንም፤ እጅግ ብርቅ ቢሆንም በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃ አሜባ አለ።

አስም ያለበት ሰው ከተቻለ ጽዳቱን ለሌላ ይተው፤ ካልተቻለ ኢንሄለሩ ኪሱ ውስጥ ይሁን። እሱን ወስዶ ካልተሻለው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አምቡላንስ ጥሩ፦ ሳዑዲ 997፣ ኩዌት 112።