ሁለቱም ወገን ለአንድ ማት ሲተባበሩ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳውን ዘርግቼ አራት ጠጠሮች ብቻ ደረደርሁበት። ነጩን ንጉሥ ኤፍ1፣ ነጩን ፈረስ ኢ7፣ ጥቁሩን ንጉሥ ኤች1፣ ጥቁሩን ወታደር ደግሞ ኤች4 ላይ አቆምሁ (ፊደሉ የቤቱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)። ታናሽ ወንድሜ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየና «በአንድ ፈረስ ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለመደው ጨዋታ ጥቁሩ ንጉሡን ወደ ኤች2 አውጥቶ ከጥጉ ይሸሻል እንጂ ቁጭ ብሎ ማት፣ ማለትም ንጉሡ ተጠቅቶ መውጫ የሚያጣበትን ፍጻሜ፣ አይጠብቅም። እኔ የምፈታው ግን ሄልፕሜት የሚባለውን፣ ሁለቱ ወገኖች ጥቁሩን ንጉሥ ማት ለማድረግ ተስማምተው የሚሠሩበትን የቼዝ እንቆቅልሽ ነበር። ይህን ስነግረው «ይኼማ ሽምግልና እንጂ ቼዝ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ።

ደንቡ አጭር ነው። ቀድሞ የሚጫወተው ጥቁሩ ነው፤ «በሁለት» ከተባለ ሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫውተው በነጩ ሁለተኛ እርምጃ ማት መሆን አለበት። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን ቅደም ተከተል ሳላስተውል አንድ ሙሉ ምሽት ነጩን እያስቀደምሁ ስደክም አምሽቻለሁ፤ ጥፋቱም የማንም አልነበረም፣ የራሴ ችኮላ ነው።

ብዙ ሰው ተቃዋሚ ከሌለ እንቆቅልሹ ይቀላል ብሎ ያስባል። የእኔ ተሞክሮ ተቃራኒውን ነው የሚነግረኝ። በተለመደው የቼዝ እንቆቅልሽ ንጉሡን አጥቅተን ቼክ ስንል ወይም ማት እንደምናደርግ ስናስፈራራ የተቃዋሚው ምርጫ ይጠብባል፣ እኛም ያንን ጠባብ መንገድ ተከትለን እንሄዳለን። በሄልፕሜት ግን ማንም ማንንም ስለማያስገድድ የተፈቀደ እርምጃ ሁሉ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ከመነሻው ወደ ፊት መቁጠር ብዙም አያራምድም። እኔ የምጀምረው ከመጨረሻው ነው፦ ጥቁሩ ንጉሥ የት ቆሞ ማት ይሆናል፣ የሚሸሽባቸውን ቤቶች ማን ይዘጋቸዋል?

ወደ አራቱ ጠጠሮች ልመለስ። ነጩ ንጉሥ ጂ1ንና ጂ2ን ጠብቋል፤ ለጥቁሩ ንጉሥ የቀረው መውጫ ኤች2 ብቻ ነው። ያንን ቤት ከነጩ ጠጠሮች አንዱም አይዘጋውም፤ የሚዘጋው የጥቁሩ የራሱ ወታደር ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ኤች3 ይገፋል፣ ነጩ ፈረሱን ወደ ኤፍ5 ያመጣል፣ ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ኤች2 አውርዶ በንጉሡ ላይ በሩን ይዘጋል፣ ፈረሱም ጂ3 ላይ ሲያርፍ ማት ይሆናል። ወታደሩ ገና ኤች4 ላይ ሳለ ፈረሱ ጂ3 ቢገባ ኖሮ በዚያው ወታደር ይበላ ነበር።

እዚህ ላይ የአያቶቻችን ነባር ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ትዝ ይለኛል፤ በዚያ ጨዋታ የማቱ ዓይነት ራሱ ክብር ነበረው፣ በፈረስ የተደረገ ማት ብዙም አያስመሰግንም፣ በፊል (በዛሬው ቢሾፕ ቦታ በሚቆመው ጠጠር) የተደረገው ግን ይወደስ ነበር። የእኔ ማት በዚያ ሚዛን የሚያስኮራ አይደለም።

የመጀመሪያው ሄልፕሜት በ1854 በጀርመናዊው ማክስ ላንገ ታተመ፤ እሱ ግን ነጩን ነበር ያስቀደመው። ጥቁሩን ያስቀደመው አሜሪካዊው ሳም ሎይድ ሲሆን በ1860 ያሳተመው ባለ ሦስት እርምጃ እንቆቅልሽ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ጥቁሩ ንጉሥ በኤፍ6 እና በጂ7 አልፎ ኤች8 ጥግ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ነጩ በበኩሉ በቀጥታ የሚሄደውን ሩኩን ኤ8 ላይ ያቆምና በሰያፍ የሚሄደውን ቢሾፑን ቢ8 ላይ አምጥቶ የገዛ ሩኩን መንገድ ይጋርዳል፤ ያ ግርዶሽ ባይኖር ንጉሡ ሩኩ ወደሚመታው ኤች8 መግባት አይፈቀድለትም ነበርና። ንጉሡ ጥጉን ሲይዝ ቢሾፑ ወደ ኢ5 ይወርዳል፣ የሩኩም መንገድ ይከፈታል፣ ማት ይሆናል። ነጩ ያንን መጋረጃ የዘረጋው ለተቃዋሚው ምቾት ብሎ መሆኑ ነው የሚገርመኝ፤ በጠብ ጨዋታ እንዲህ ያለ ውበት ማን ያያል?

ዛሬ ሄልፕሜት በ1977 በተጀመረው የዓለም የቼዝ እንቆቅልሽ ፈቺዎች ሻምፒዮና ውስጥ የራሱ ዙር አለው። የእንቆቅልሹ ደራሲ ካሰበው መንገድ ውጪ ሌላ መፍትሔ ከተገኘ ሥራው እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፤ ይህንንም አሁን ኮምፒውተር በቅጽበት ይመረምረዋል። እኔ ግን እስክሸነፍ ድረስ አልከፍተውም።

ወንድሜ ሳቁን ሲጨርስ ፈረሱን አንስቼ ከኢ7 ወደ ኤፍ5 አዛወርሁትና ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ «በሁለት» አልሁት። አሁን ፈረሱ ከጂ3 አንድ እርምጃ ብቻ ስለቀረው ነጩ አንድ ትርፍ እርምጃ አለው፤ ችግሩም ይህን ትርፍ ሳይጎዳ የት እንደሚያባክነው ነው። ወንድሜ በፈረሱ ዞሮ ለመምጣት ደጋግሞ ሞከረ፤ ፈረስ ግን በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚያርፍበት ቤት ቀለም ስለሚቀየር ከኤፍ5 ተነሥቶ በሁለት እርምጃ ጂ3 ሊደርስ ከቶ አይችልም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አቀርቅሮ ቆየ፣ ከዚያ ጥቁሩን ወታደር ወደ ኤች3 ገፋ፣ ነጩን ንጉሥ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ኤፍ2 ላይ አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። የቀረውን ሁለት እርምጃ እንኳ አልተጫወተውም።