አርቢው ኔጋቲቭ ስለሆነ ቁጥሩ ኔጋቲቭ አይሆንም

2⁻³ ስንት ነው ሲባል −6 ወይም −8 የሚል ተማሪ ብዙ ነው። −6 ያለው 2ን በ−3 አባዝቷል። −8 ያለው ደግሞ 2³ን በትክክል አስልቶ የመቀነስ ምልክቷን ከአርቢው (ከላይ በትንሹ ከተጻፈው ቁጥር) አውርዶ ከመልሱ ፊት ለጥፏታል። መልሱ 1/8 ነው፤ ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር።

ሕጉን ከመሸምደድ በፊት ከላይ ወደ ታች መውረድ ይሻላል። 2³ = 8፣ 2² = 4፣ 2¹ = 2። አርቢው በ1 በቀነሰ ቁጥር መልሱ ለ2 ይካፈላል። እዚያ ሳንቆም እንውረድ፦ 2⁰ = 1፣ 2⁻¹ = 1/2፣ 2⁻² = 1/4፣ 2⁻³ = 1/8። መልሱ እያነሰ ይሄዳል እንጂ ዜሮ ላይ አይደርስም። መሠረቱ (አርቢው የተጻፈበት ቁጥር) 0 ሲሆን ግን ነገሩ አይሠራም፤ 0⁻² ማለት 1ን ለ0 ማካፈል ነውና ትርጉም የለውም።

አይዛክ ኒውተን በ1676 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ በ1/ሀ ፈንታ ሀ⁻¹ ብሎ እንደሚጽፍ አስረድቶ ነበር። ምልክቷ ይህችው ናት፤ የክፍልፋይ አጭር አጻጻፍ።

ብዙ ነጥብ የሚጣለው አርቢው ማንን እንደያዘ ባለማየት ነው። 5ሀ⁻² ላይ አርቢው የያዘው ሀን ብቻ ስለሆነ 5 ከላይ ይቀራል፦ 5/ሀ²። 5ም አብሮ እንዲወርድ ቅንፍ ያስፈልጋል፤ ያኔ (5ሀ)⁻² = 1/(25ሀ²) ይሆናል። በተመሳሳይ (−3)⁻² = 1/9 ሲሆን −3⁻² ግን −1/9 ነው፤ በሁለተኛው ምልክቷ ከአርቢው ሥልጣን ውጭ ናት።

ክፍልፋይ ሲሆን ላዕሉንና ታሕቱን ገልብጡ፣ የአርቢውንም ምልክት አጥፉ፦ (2/3)⁻³ = (3/2)³ = 27/8። ገልብጦ ምልክቷን ያልሰረዘ 8/27 ያገኛል።

ሲካፈል አርቢዎቹ ይቀናነሳሉ። 10³ ÷ 10⁻² ላይ 3 − (−2) = 5 ስለሆነ መልሱ 10⁵ ነው። ቅንፏን የዘለለ 10¹ ይላል። 1000ን ለ0.01 አካፍሎ ማረጋገጥ ይቻላል፤ 100,000 ይመጣል።

መደመር ላይ ግን አርቢዎቹን አትንኩ። 2⁻¹ + 3⁻¹ ማለት 1/2 + 1/3 ነው፤ 5/6። 1/5 ብሎ የሚመልስ ሰው እንጀራ ያስብ፦ ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮ እንዴት ከግማሹ ያንሳል?

በመጨረሻ፣ ትንንሽ ቁጥሮችን በ10 አርቢ ስትጽፉ፦ 0.00042ን ወደ 4.2 ለማምጣት ነጥቡ 4 ቤት ወደ ቀኝ ይራመዳል፤ ስለዚህ 4.2 × 10⁻⁴። ከነጥቡ በኋላ ያሉትን 3 ዜሮዎች የቆጠረ 10⁻³ ይጽፋል፤ መልሱም አሥር እጥፍ ይበልጥበታል። ዜሮዎቹን ሳይሆን ነጥቡ የተራመደውን ቤት ቁጠሩ።