ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ፦ ሳሩ፣ ጭላዳውና ጅብራው

ደባርቅ ላይ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ከፍለን፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዘን ሳንቃበር ካምፕ (3250 ሜትር) ስንደርስ መሽቶ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮን በደንብ ማየት የሚፈልግ ሰው እዚሁ ቢያድር ይሻለዋል። መንጋው ሌሊቱን ነብርና ጅብ በማይደርስበት ገደል ላይ ያሳልፋል፤ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ወደ ሜዳው ይወጣል። ከጎንደር በጠዋት ተነስቶ የሚመጣ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

ጥቅምት ነው፣ ሳሩ ገና አልደረቀም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ወዲያው ግን አልጋጡም፤ ፀሐይ እየሞቁ ይቃመላሉ። መቃመል ንጽሕና ብቻ አይደለም፣ ዝምድና የሚጠበቅበት መንገድ ነው። አንድ ቤተሰብ ማለት አንድ አውራ ወንድና ጥቂት ሴቶች ከነግልገሎቻቸው ነው። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ቤተሰቡን አስሮ የያዘው የእነሱ ዝምድና ነው፤ አውራው ይለዋወጣል።

ባሕርይን መመዝገብ ለሚፈልግ ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ አንድ ቤተሰብ መምረጥ፣ በየ10 ደቂቃው ሰዓት አይቶ በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ የሚያደርገውን (ይግጣል፣ ይቃመላል፣ ይሄዳል፣ ያርፋል) መጻፍ። በመሐል የሚፈጠር ጠብ፣ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነው። ዓይን የሚስበውን ሁሉ የመዘገበ ሰው ጭላዳ ቀኑን በድብድብ የሚያሳልፍ ይመስለዋል። ሌላው ስሕተት ቤተሰቦች ሲቀላቀሉ የተመረጠው ቤተሰብ የቱ እንደሆነ መጥፋቱ ነው። ጉም ሲገባ እርሳሱን ማስቀመጥ ነው፤ እየገመቱ መሙላት የቀኑን ሥራ ያበላሻል።

የእኛ ወረቀት ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ "ይግጣል" የሚለው ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ጭላዳ ሳር የሚበላው ቂጡ ላይ ተቀምጦ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቅጠሉን እየነጨ፣ ሳይነሳ ወደፊት እየተንሸራተተ ነው። ቀይ ምልክቱ ደረቱ ላይ የሆነውም ለዚሁ ይመስላል፤ ሁልጊዜ የተቀመጠ እንስሳ ከኋላው ያለ ምልክት አይታይለትም። የአውራው ደረት ከሌሎቹ ወንዶች ይበልጥ ይቀላል። የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ ሳቅ አይደለም፤ ወደኋላ ማለት ይገባል። ምግብ መስጠትማ ፈጽሞ አይሞከርም።

ሳሩ ይህን ሁሉ ነጨታ የሚችለው የማደጊያው ቦታ ጫፉ ላይ ስላልሆነ ነው። አዳዲስ ሕዋሳት የሚባዙት ከቅጠሉ ግርጌ፣ አፈሩ አጠገብ ነው። ጫፉ ሲነጭ ከሥር ይገፋል። በበጋ ግን ሳሩ ሲደርቅ ጭላዳው መሬቱን በጣቱ ቆፍሮ ሥርና ከመሬት በታች ያለ ግንድ ያወጣል፤ ያ ለተክሉ ሌላ ጉዳይ ነው።

በማግስቱ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን ወደ ግጭ (3600 ሜትር) ወጣን፤ አራት አምስት ሰዓት ያስኬዳል። እዚህ አካባቢ በ2019 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ከባድ ቃጠሎ ነበር። ጓሳው (በእጅብታ የሚበቅለው የደጋ ሳር) ከግርጌው ያድጋል፣ አስታም (ቁጥቋጦ መሰሉ የደጋ ዛፍ) ግንዱ ቢቃጠል ከአፈር ውስጥ ካለው ወፍራም የሥር ጉቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። የጠቆረ አስታ አይቶ "ሞቷል" ከማለት በፊት ጎንበስ ብሎ እግሩን ማየት ነው።

ጅብራ ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኝ ተክል ነው፤ የሚያድገውም ግንዱ አናት ላይ፣ በቅጠሎቹ ክምር መሐል ካለች አንዲት ቡቃያ ነው። ደጋው ላይ ሙቀቱ ቀን ቀን፣ ብርዱ ሌሊት ሌሊት ነው፤ ውርጩ በየትኛውም ወር ሊመጣ ይችላል። ቡቃያዋን ከዚህ የሚያድኗት እላይዋ ላይ ተጠጋግተው የሚሸፍኗት ለጋ ቅጠሎች ናቸው። ይህን መለካት የሚፈልግ ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃዋል፦ ከመምሸቱ በፊት አንዱን በቅጠሎቹ መሐል፣ ሌላውን በዚያው ከፍታ ውጭ ላይ ማኖርና ፀሐይ ሳትወጣ ማንበብ። ከወጣች በኋላ የተነበበ ቁጥር ዋጋ የለውም፣ ብርሃኑ ራሱን ቴርሞሜትሩን ያሞቀዋል። ቅጠሉን በግድ መፈልቀቅም አይገባም፤ ወተቱ ይፈሳል፣ ቡቃያዋም ለውርጭ ትጋለጣለች።

በእሜት ጎጎ (3926 ሜትር) በኩል ወደ ጨነቅ ስንወርድ ያበበውም የደረቀውም ጅብራ አጋጠመን። ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ ሲያበጅ ይኖርና አንዴ ብቻ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ዘንግ አውጥቶ ያብባል፤ ዘር ሰጥቶ ይሞታል። ያቺው ቡቃያ ወደ አበባ ስለተለወጠች ቅጠል የሚያወጣ ነገር አልቀረለትም። የደረቀውን ዘንግ ስንነካው ዘሩ እንደ ዱቄት ረገፈ። ገላጣው አፈር ላይ የረገፈው ብዙም ዕድል የለውም፦ ሌሊት በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ መርፌ መርፌ የመሰለ በረዶ ይሆንና አፈሩን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ሥሩ ያልጠለቀ ችግኝም አብሮ ይነቀላል። ያየናቸው ጣት የማያክሉ ጅብራዎች ሁሉ የጓሳ እጅብታ ተጠግተው የበቀሉ ነበሩ።