ጎልፌን ሪማፕ ላስደርግ ወይስ ይቅርብኝ?

መኪናዬ ጎልፍ 7 ነች። በፈረንጅ አቆጣጠር 2013 የተሠራች፣ 1.4 ሊትር ቤንዚን፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያላት፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ። ፋብሪካው 122 የፈረስ ጉልበት አላት ይላል። ለገሃር ቆማ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስትጀምር ግን ፈረሶቹ የት እንደገቡ እንጃ። መብራት ይለቃል፣ ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ድንገት ብድግ ትላለች። ከኋላ ያለው ሚኒባስ እስከዚያ ጡሩምባውን ጨርሶታል።

ይህን ያማከርኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ "ሪማፕ አስደርጋት!" ሪማፕ ማለት በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ፕሮግራም መቀየር ነው። ተርቦው ምን ያህል አየር እንዲገፋ፣ ነዳጁ ምን ያህል እንዲረጭ፣ ካንዴላው መቼ እንዲለኩስ የሚወስነው እሱ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ይህን የሚሠራ ልጅ አገኘሁ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሥራውን ይወዳል። "ወንድሜ፣ 150 የፈረስ ጉልበት አደርግልሃለሁ። ቶርኩ፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ማለት ነው፣ ከ200 ወደ 250 ኒውተን ሜትር ይወጣል። ማኪያቶህን ጠጥተህ ስትመለስ አልቋል" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት እዚያው ላስሠራው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያስቆመኝ ገንዘቡ ነው። ከወር ደሞዜ በላይ ጠየቀኝ። ገንዘቡ እስኪሞላ ጊዜ ነበረኝ፣ እኔም በዚያ መሐል ማንበብና መለካት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት መሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሞተሩ የሚያያቸውን ቁጥሮች ስልክ ላይ ያሳያል፣ መዝግቦም ያስቀምጣል። ሪማፕ የሚያስብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይህን ይግዛ እላለሁ። ዋጋው ከአንድ ጎማ ያነሰ ነው።

ሰክቼው ሞተሩን ሳላስነሣ ቁልፉን ብቻ ከፈትኩ። የአየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል ይላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትሆን 101 አካባቢ ባነበበች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ ስወጣማ ቁጥሩ ወደ 70 ተጠጋ። እንግዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ ሞተር የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚስበው በሩብ ያህል ይቀንሳል። (ጣናዋን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፤ እሷም ከፍታ ላይ ናት።)

ተርቦ የሌላት መኪና ይህን ጉድለት ተሸክማ ትኖራለች። ቪትዝ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለ ተርቦዋ ግን ታካክሳለች፤ ሞተሩ የሚፈልገውን ግፊት እስኪያገኝ ድረስ ተርቦው በፍጥነት ይሽከረከራል። ሰው ሁሉ "ተርቦ ለአዲስ አበባ ነው" የሚለው ለዚህ ነው። ልክ ነው። ግን ማካካሱ ዋጋ አለው፣ ስለ ሪማፕ ሲወራ ደግሞ ይሄኛው ግማሽ ይቀራል።

በቁጥር እንየው። ሞተሩ ለምሳሌ 180 ኪሎፓስካል ቢፈልግ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ተርቦ ከ101 ተነሥቶ 180 ያደርሳል። 1.8 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለው ከ77 ተነሥቶ ነው እዚያው የሚደርሰው። 2.3 እጥፍ። ሪማፕ ተደርጋ 220 ብትጠየቅስ? ወደ 2.9 እጥፍ ይጠጋል። ለእንደዚህ ዓይነት ትንሽ ተርቦ ይህ ብዙ ነው። አየር ሲጨመቅ ደግሞ ይሞቃል። በሒሳብ ስሠራው፣ በ20 ዲግሪ የገባ አየር 1.8 እጥፍ ሲጨመቅ 95 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ 2.3 እጥፍ ሲጨመቅ ከ130 ያልፋል። ኢንተርኩለሩ ያንን ሁሉ ማቀዝቀዝ አለበት። የእኔዋ ኢንተርኩለር በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ከአየር ማስገቢያው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። በትልቅ ልቀይረው ብል ቀላል ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣችው መኪናዬ፣ ማንም ሳይነካት፣ ተርቦዋ ሐምቡርግ ካለችው እህቷ አብልጦ እየለፋ ነው። የሐምቡርጓ ሪማፕ ስትደረግ የምትጠቀምበትን ትርፍ አቅም የእኔዋ ከፍታውን ለመቋቋም ብቻ በልታዋለች። 150 የፈረስ ጉልበት የሚለው ተስፋ ባሕር ጠለል አጠገብ የተለካ ቁጥር ነው።

ከዚህም የባሰ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። የቸርችሉን መዝገብ ስልኬ ላይ ቀስ ብዬ አየሁት። ከቆመችበት ስትነሣ፣ ተርቦው ገና ሳይሽከረከር፣ ሞተሩ የሚያገኘው ከውጭ ያለውን አየር ብቻ ነው። በሩብ የቀነሰ አየር የሚስብ 1.4 ሊትር ሞተር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ከአንድ ሊትር ብዙም ያልበለጠ ሞተር ጋር እኩል ነው። ያቺ "የማሰቢያ" ጊዜ ይህች ነች! ሪማፕ በአብዛኛው ጉልበት የሚጨምረው ተርቦው ከተነሣ በኋላ ነው። እኔ የቸገረኝ ከመነሣቱ በፊት ያለው ነው። ሶፍትዌር ያልገባ አየር አያስገባም።

ለልጁ ይህን ስነግረው አልተከራከረኝም። "እውነት ነው፣ አነሳሷ ላይ ብዙ ለውጥ አታይም። ማርሹ ሦስት አራት ሲገባ ነው የምታየው" አለ። ሦስት አራት! ከለገሃር እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ በሥራ ሰዓት አራተኛ ማርሽ ያስገባ ሰው ካለ ያስተዋውቁኝ።

ቤንዚኑም አለ። የታንኬ ክዳን ውስጥ 95 ኦክቴን የሚል ተለጥፏል። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ሲጨመቅ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የመቋቋም አቅሙ ነው። እዚህ ማደያ ገብቼ "95 ነው 98?" ብሎ የጠየቀኝ ቀጂ የለም። ቤንዚን ወይም ናፍጣ፣ አለቀ። ወረፋ ጠብቀህ የተገኘውን ትቀዳለህ፣ በቴሌብር ትከፍላለህ። ልጁን "ፋይሉን (አዲሱን ፕሮግራም) አንተ ነህ የምትጽፈው?" ስለው፣ ከአውሮፓ ገዝቶ እንደሚያመጣው ነገረኝ። እዚያ በ98 የሚነዱም አሉ፤ ፋይሉ ለእነሱ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተር ማንኳኳት ሲጀምር የሚሰማ ሴንሰር አለ፤ ሲሰማ ካንዴላው ዘግይቶ እንዲለኩስ ያደርጋል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። የእኔዋ ዳገት ላይ ይህን ስታደርግ መዝገቡ ላይ አይቻታለሁ። ያውም በፋብሪካው ፕሮግራም።

"ከፍታ ላይ ዝቅ ያለ ኦክቴን ይበቃል" የሚል ክርክር ትሰሙ ይሆናል። መሠረት አለው፤ በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች 85 የተጻፈበት ቤንዚን ይሸጣል፣ አቆጣጠራቸው ከአውሮፓው ቢለይም። ይህ ግን አየሩን እንዳለ ለሚስብ ሞተር ነው። ተርቦው የጎደለውን አየር መልሶ ከሞላው ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከባሕር ዳርቻው አይተናነስም፣ ኦክቴኑንም መልሶ ይጠይቃል።

ካምቢዮው ጋ ስደርስ ነው ልቤ የቆረጠው። የእኔዋ ባለ 7 ማርሽ፣ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ ነው። የተሠራው እስከ 250 ኒውተን ሜትር እንዲሸከም ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ 200 ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ 50 ትርፍ አለው። ልጁ የሚሰጠኝ ስንት ነው? 250። ከደረሰ ካምቢዮዬ ጣሪያው ላይ ነው፣ ካልደረሰ ብሬ አየር ላይ ነው። ደረቅ ፍሪሲዮን ደግሞ የሚበላው በትራፊክ መሐል ዳገት ላይ ቀስ እያለ ሲንፏቀቅ ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ የዚህን ካምቢዮ ዕቃ ዋጋ አጠያየቅሁ። ነጋዴው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዋጋውን ነገረኝ። እኔ አልሳቅሁም።

መኪናዋን ብሰብራት በሌላ ለመተካትም መንገዱ ጠቧል። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን ይዞ መቆየት ነው። ኢንሹራንሴን ጠየቅሁ፤ የሞተሩን ጉልበት ከቀየርክ በጽሑፍ አሳውቀን፣ ውሉ ይታያል አሉ። ይህን ሳይጠይቁ የሚያሠሩ ብዙ ናቸው።

መዝገቡን ይዤ ወደ መካኒኬ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ነው፣ ጋሼ ነው የምለው፤ ስልኬን አይቶ መነጽሩን አወለቀ። ሞተሩ የሚጠይቀው ግፊትና የሚያገኘው ልዩነት ነበረው። "ልጄ፣ ይቺ መኪና ጉልበት ከመጨመሯ በፊት ያላትን ትሰብስብ" አለኝ። የአየር መስመሩ ውስጥ ጭስ አስገብቶ ፈተሸው። ከተርቦው የሚወጣው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ጭሱ ቀስ ብሎ ተነነ። ማሰሪያው ላልቷል። ባሕር ዳርቻ ላይ ምናልባት የማይታወቅ ቀዳዳ ነው። እዚህ ግን ተርቦው ቀድሞውኑ እየለፋ ስለሆነ የሚያመልጠው አየር በቀጥታ ከጉልበቱ ይቀነሳል። ካንዴላዎቹም አርጅተው ክፍተታቸው ሰፍቷል፤ ግፊት ሲበዛ እሳቱ ይደክማል። የአየር ፊልትሮው የኮሪደር ልማቱን አቧራ ሁሉ አጠራቅሟል። የካምቢዮውን ፍሪሲዮን ደግሞ በኮምፒውተር አዲስ ልክ አስያዘው።

ከዚያ ለካሁ። ለካሁ ስል መሐል ከተማ ላይ አይደለም፣ ያንን የሚያደርግ ሰው ፈቃዱ ቢነጠቅ ይገባዋል። የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ፣ ሜዳው ላይ፣ ከ80 ወደ 120 በአንድ ማርሽ፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ፣ እዚያው ቦታ። የተጠየቀው ግፊትና የተገኘው አሁን ገጥመዋል። ካንዴላው ማዘግየቱን ቀንሷል፣ ጨርሶ አልተወም። ቸርችልን ስወጣም ልዩነቱ ይሰማኛል። ያቺ የማሰቢያ ጊዜ አለች፣ ግን አጥራለች።

የቀረውን በአነዳድ ነው የምይዘው። ዳገት ላይ ማርሹን ኤስ (ስፖርት) ላይ አደርጋለሁ፤ ሞተሩ ዙሩን ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ ተርቦው አይተኛም። ትራፊክ ሲኖር ፍሬኑን ግማሽ ለቅቄ አልንፏቀቅም፤ ፊቴ ቦታ እስኪከፈት ሙሉ ይዤ እቆማለሁ። ሚኒባሶች በዚያ ክፍተት ይገባሉ። ይግቡ።

ናፍጣ ፒክአፕ ያላችሁ ደግሞ ትጠይቁኛላችሁ። የናፍጣው ጉዳይ ለየት ይላል፤ የኦክቴን ጣጣ የለበትም። ግን ከፍታ ላይ አየሩ ሳይጨምር ነዳጁ ብቻ ከተጨመረ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ነው፣ የጭሱ ሙቀትም ተርቦውን ይበላል። እንጦጦን ስትወጡ ከኋላችሁ ጥቁር ደመና ካያችሁ ፋይሉ ለእናንተ ከተማ አልተጻፈም።

ለማስደረግ የቆረጠ ሰው ልጁን የሚጠይቀው አለ። ኦሪጅናሉን ፋይል አውጥተህ ትሰጠኛለህ ወይ? በምትጽፍበት ሰዓት ባትሪው እንዳይወርድ ቻርጀር ታስራለህ ወይ? መሐል ላይ ኃይል ከጠፋ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላልና። ከጻፍክ በኋላ አብረኸኝ ወጥተህ ትመዘግባለህ ወይ? የግፊቱን ጣሪያ ለአዲስ አበባ ዝቅ ታደርጋለህ ወይ? የሜክሲኮው ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለማመንታት "አዎ" ብሎኛል። ለሦስተኛው "ጊዜ ካለኝ" አለ። ለአራተኛው ፋይሉን የሚሸጡለትን ሰዎች ጠይቆ እንደሚነግረኝ ቃል ገባልኝ። እስካሁን አልደወለም። ቢደውልም ፍሪሲዮኑ እስኪቀየር ድረስ መልሴ ያው ነው፤ ይቅርብኝ።