ጸጋና ደረሰኝ

ትናንት ማታ የቤት ኅብረታችን ላይ ቅጽ ታደለን። አራት ገጽ ነው። ከላዩ «የጸጋ ስጦታህን እወቅ» ይላል፤ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ አማኝ የሚሰጠውን የአገልግሎት ችሎታ ማለቱ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብበህ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ትሰጣለህ። መጨረሻ ላይ ትደምራለህ። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ስጦታህ ነው ማለት ነው።

መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ቤት ውስጥ መቀመጥ አይታሰብም። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለ ቤት ጥቅሙ ግቢውና ዛፉ ስለሆነ ወንበር አውጥተን በስልክ መብራት ሞላን። ውጤቱ ሲነበብ ከወጣቶቹ አብዛኞቹ ትንቢት ወጣላቸው። የቀሩት ዝማሬና ስብከት። አንዱ ልጅ «እርዳታ» ሲወጣለት ፈተና የወደቀ መሰለ። ጓደኞቹ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ አጽናኑት።

ገንዘብ ያዣችን ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ለስልኩ ብርሃን አስጠግተው ቆዩ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሒሳብ ክፍል ነው የጨረሱት። «ይሄ ቅጽ ስህተት አለው» አሉ በመጨረሻ። «ጥያቄ 14 እና ጥያቄ 37 አንድ ናቸው፤ ቃሉ ነው የተቀየረው። ሁለቱም ትንቢት ላይ ይደመራሉ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሳያስበው ነቢይ ሆኗል።»

እውነታቸውን ነው። ስንቀንሰው ነቢያቱ በግማሽ ወረዱ። እሳቸው የራሳቸውን ውጤት አልነገሩንም። አልሞሉትም መሰለኝ።

ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጳውሎስ ስለ ስጦታ የጻፋቸውን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሮሜ 12 ላይ ሰባት ናቸው። 1ኛ ቆሮንቶስ 12 መጀመሪያ ላይ ዘጠኝ። እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ሌላ ዝርዝር አለ፤ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ኤፌሶን 4 ላይ ደግሞ ስለ ሐዋርያት፣ ነቢያት፣ ወንጌል ሰባኪዎች፣ እረኞችና አስተማሪዎች ነው የሚያወራው። ጴጥሮስ በበኩሉ ነገሩን አሳጥሮ መናገርና ማገልገል ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። የተሟላ ዝርዝር ማንም ሊያወጣ የፈለገ አይመስልም። ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉንም ጨምቆ አንድ ሰንጠረዥ ሲያደርጋቸው ነው እንደ ደም ዓይነት የሚሆኑት።

ዓይኔ ያረፈው ግን 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥28 ላይ ነው። ተአምራት ይላል፤ የመፈወስ ስጦታ ይላል፤ ከዚያ «እርዳታንም፥ አገዛዝንም»፤ ከዚያ ልሳን፣ በማይታወቅ ቋንቋ መናገር። እርዳታና አገዛዝ፣ ማለትም ማስተዳደር፣ በፈውስና በልሳን መካከል ተሰክተዋል። እንደ ትንሽ ነገር ለብቻቸው አልተገለሉም። እኛ ጋ ለፈውስ ኮንፈረንስ ይጠራል፣ ባነር ይሰቀላል። ለአገዛዝ ኮንፈረንስ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ሮሜ 12፥8 ደግሞ የባሰ ነው። «የሚገዛ በትጋት ይግዛ፤ የሚምር በደስታ ይማር።» ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። እኔ እነዚህን ሁለት ስጦታዎች በአካል አውቃቸዋለሁ። በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።

የሚገዛው ገንዘብ ያዣችን ናቸው። የምትምረው ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ እህታችን ናት። የዱቤ ደብተሯን ያየ ያዝንላታል፤ ካልከፈለ ሰው ላይ መስመር አትሰርዝም፣ ስሙ ላይ «ጌታ ያውቃል» ብላ ታልፋለች። ሰው ሲያለቅስ ማየት አትችልም። ኅብረቱ በየወሩ የሚያዋጣትን ብር ለእሷ ብንሰጣት ሳምንት አትቆይም። ለእሳቸው ብቻ ብንተዋት ደግሞ ወልዳ ተዋልዳ ትቀመጥ ነበር፤ ማንም ግን አይረዳባትም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ልጅ መጣች። ከደደር አካባቢ የመጣች ናት፤ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ከሥራዋ ወጥታ ማደሪያ አጥታለች። ሳቢያን ሰፈር አንዲት ክፍል አግኝታለች፤ አከራዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ይላል። እህታችን ታሪኩን ሳትጨርሰው እንባዋ ወረደ፤ ሣጥኑ ይከፈት አለች። ገንዘብ ያዣችን ማን ነው አከራዩ፣ ውል አለ ወይ፣ ደረሰኝ ይሰጣል ወይ ብለው ጀመሩ።

«አንተ!» አለች። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ አዲስ አበባ ያደጉ ሰዎች መጀመሪያ ሲሰሙት ይደነግጣሉ። «አንተ! ልጅቷ ደጅ ልታድር ነው፣ ደረሰኝ ትለኛለህ? ደረሰኝ ለብሳ ትተኛ?»

«ገንዘቡ የእኔ ቢሆን አሁኑኑ እሰጥሽ ነበር» አሉ። «የእኔ አይደለማ!»

ግቢው ጸጥ አለ። መሪያችን እንጸልይ አለ፤ ሲጨንቀው ሁሌም እንጸልይ ነው የሚለው። ያን ማታ ልጅቷ እህታችን ቤት አደረች። ከአሜን በኋላ ሁለቱ ሳይሰነባበቱ ነው የሄዱት።

በማግስቱ ጠዋት ግን ሽማግሌው ገንዘብ ያዣችን ባጃጅ ይዘው እህታችን ደጅ ቆሙ። ሳቢያን አብረው ሄዱ። ልጅቷ እንደነገረችኝ አከራዩ ሲያዩዋት የጠየቁትና ሽማግሌውን ሲያዩ የጠየቁት የተለያየ ነው። ጋሼ አጥር ስር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በዚያ ፀሐይ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው እያራገቡ፣ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ጠየቁ፦ «ሦስት ወር ለምን አስፈለገ?» አከራዩ መልስ ሲያጡ አንድ ወር ሆነ። በሁለት ምስክር ውል ተጻፈ። በተረፈው ገንዘብ እህታችን ፍራሽና ምጣድ ገዛችላት። ደረሰኙ ዛሬም ደብተሩ ውስጥ በስፒል ተያይዟል፤ የምጣዱ ሳይቀር።

ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማሞገስ አይደለም። አንድ ጊዜ ስብሰባ ይጠበቅ ብለው የሰው መድኃኒት አዘግይተዋል፤ እህታችን እስካሁን ታነሳባቸዋለች፤ ሐቅም አላት። ያለ እሷ ልጅቷ ያን ሌሊት የት ታድር ነበር? እንባ ቀድሞ በሩን ባይከፍት ሒሳቡ ምኑ ላይ ይሠራል? ብቻ አንዱ ሌላውን የሚያናድድበት ቦታና አንዱ ለሌላው የሚያስፈልግበት ቦታ አንድ መሆኑ ይገርመኛል። ኤፌሶን 4 ላይ አካሉ በጅማት እየተጋጠመና እየተያያዘ ያድጋል ይላል። እኔ ይህን ሳነብ ሁሌ የሚታየኝ መተቃቀፍ ነበር። መጋጠሚያ ግን የሚፋተግም ቦታ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይነግርሃል።

ጳውሎስ ራሱ በገንዘብ ነገር ከገንዘብ ያዣችን አይሻልም። ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ሲያሰባስብ ለእኔ አምጡልኝ አላለም። እናንተ የምትመርጧቸው ሰዎች ይዘው ይሂዱ አለ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 16 ላይ ነው። በሁለተኛው መልእክት ደግሞ ምዕራፍ 8 ላይ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን እናስባለን ይላል። ይህን ለጋሼ ሳነብላቸው ደስታቸው ልክ አጣ። የሮሜን መልእክት መጨረሻም አሳዩኝ። እዚያ ሰላምታ ከሚያቀርቡት ሰዎች አንዱ የከተማው መጋቢ ኤርስጦስ ነው፤ የከተማዋን ገንዘብ የሚያስተዳድር ሰው። «አየሽ?» አሉኝ። «የኛም ሰው ነበረበት።»

ያቺ ከተማ ራሷ ቆሮንቶስ ናት ተብሎ ይታመናል። ስለ ቆሮንቶስ ባነበብኩ ቁጥር ድሬ ትዝ ትለኛለች። ሮማውያን ያፈረሷትን ከተማ ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 እንደገና ሲያቋቁማት ሰፋሪዎቹ በብዛት ነጻ የወጡ ባሮች ነበሩ። በሁለት ወደብ መካከል የተቀመጠች፣ ሁሉም ሊሠራና ሊነግድ የመጣባት፣ የማንም ቀዬ ያልነበረች። ድሬም በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው እዚህ ቆመ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ ተከትሎት መጣ። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ሰው ማንነቱን በሚያሳየው ነገር ነው የሚለካው። አዲስ ሰው ነው፣ አባቱን የሚያውቅለት የለም። ቆሮንቶሶች ልሳንን ለምን እንደዚያ ከፍ እንዳደረጉት በዚህ በኩል ሳየው ይገባኛል። ይታያላ! ይሰማላ! እርዳታን ማን ያያል?

ታሪካችንም ይህን ያውቃል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ እዚህ ሐረርጌ ደደርና በደኖ የሠሩ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን ሥራ ፍሬ፣ በ1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘጋች። መሪዎቿ ታሰሩ፣ ንብረቷ ተወረሰ። ያኔ አባላቱ 5,000 ገደማ ነበሩ። መድረክ የለም፣ ማይክ የለም፣ ኳየር የለም። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሰው ሆነው ይገናኙ ነበር፤ ብዙውን ሥራ የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ወጣ። መድረክ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ያለውን ማውጣት ግድ ሆነበት፤ ቤት ያለው ቤቱን፣ ማስተማር የሚችል ትምህርቱን፣ አፉን መዝጋት የሚችል ዝምታውን። ቅጽ የሞላ ሰው ግን የነበረ አይመስለኝም።

አክስቴ ኦርቶዶክስ ናት። ስለ ቅጹ ዛሬ ጠዋት በስልክ ስነግራት ሳቀችብኝ። «እናንተ ጸጋ ጸጋ ትላላችሁ። እኛ ሰንበቴ ላይ ጠላው የማን ተራ ነው ነው የሚባለው። ተራው የደረሰው ጸጋ አለው!» አለች። ልከራከራት ፈልጌ ነበር። ግን ካርዷ አለቀ፤ ወይም አለቀ አለችኝ።

ትንቢትን የናቅኩ እንዳይመስልብኝ። ጳውሎስም አትናቁ ብሏል። ግን ሁለት ወይም ሦስት ይናገሩ፣ ሌሎቹ ይለዩአቸው ብሎ መመዘንንም አዝዟል፤ እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ረስተናል። አንድ ጊዜ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ለአንዱ ወንድም «በሦስት ወር ውስጥ ትልቅ በር ይከፈትልሃል» አለው። ሁላችንም አሜን አልን። ጋሼ ደብተራቸውን አወጡ። «ወንድሜ፣ ከዛሬ ነው የሚቆጠረው?» አገልጋዩ ግራ ገባው። እህታችን ሳቋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ቀኑ ተጻፈ። ሦስት ወሩ ሲሞላ ጋሼ ያንን ወንድም ለብቻው ጠርተው፣ ሳያሳፍሩት፣ የተከፈተ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁት። አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሥራ ሲያፈላልጉለት ነው የከረሙት። መለየት ማለት ይህ ከሆነ ግማሹ ጓዳ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው።

የሳቢያኗ ልጅ አሁን ረቡዕ ረቡዕ ትመጣለች። ቅጹንም እንደ ሁላችን ሞልታለች፤ ከየትኛውም ስጦታ ግማሽ ነጥብ እንኳ አልሞላላትም። ኅብረታችን ውስጥ ግን አማርኛ የሚከብዳቸው አንዲት እናት አሉ። ለዓመታት መጥተው፣ አሜን ብለው፣ ፈጢራ ቀምሰው ይሄዱ ነበር። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ትምህርቱን በጆሯቸው በኦሮምኛ ትነግራቸዋለች። ባለፈው እናትየው እጃቸውን አውጥተው ጥያቄ ጠየቁ፤ ልጅቷ ናት ያቀረበችላቸው። ጥያቄያቸው ስለ አበዳሪና ተበዳሪ ነበር፤ መሪያችን ላቡ ጠብ እስኪል ለፋበት።

ጋሼ ሹክሹክታው ትምህርቱን እየበጠበጠባቸው ነው። ሁለቱ ከዛፉ ማዶ፣ በሩ ጋ እንዲቀመጡ ጠይቀዋል። እህታችን ደግሞ የሚረበሽ ሰው ራሱ በሩ ጋ ይቀመጥ ብላለች። ነገሩ ለመጪው ረቡዕ ተቀጥሯል።