ከሁለቱም ወገን የሚቀበለው ሰውዬ

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከአንድ ፍርድ ቤት አጥር ማዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ጥግ ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የብድር ውል። አልፎ አልፎ የፍቅር ደብዳቤም ይመጣል፤ እሱን በነጻ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የ20 ሺህ ብር ብድር ውል ጻፍልኝ ብለው መጡ። አበዳሪዋ ጎረቤታቸው ናቸው። ለምን እንደሚበደሩ ስጠይቃቸው ዙሪያውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ መዝገቤ ጠፋ ተባልኩ። የሚያገኝልኝ ሰው ተገኝቷል።»

ጉዳያቸው የውርስ ቤት ነው። ባላቸው ሲሞቱ የባላቸው ወንድም ቤቱ ይገባኛል ብሎ ከሰሳቸው። በመዝገብ ቤቱ መስኮት «የለም፣ ፈልገን አጣነው» ይሏቸዋል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ሱፍ የለበሰ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ይጠብቃቸዋል። «እማማ አይጨነቁ፣ ውስጥ ሰው አለኝ» ይላል።

ይህን ሰውዬ እኔም በዓይን አውቀዋለሁ። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሠራራቸው ቀላል ነው። አንድም ዳኛ ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ከከሳሽም ከተከሳሽም ይቀበላሉ። ከሁለቱ አንዱ መርታቱ አይቀርም። ለተረታው «ዳኛው እምቢ አለ» ብለው ገንዘቡን ይመልሱለታል፤ ታማኝ ተብለውም ይመሰገናሉ። የረታው ደግሞ ፍርድ የገዛ ይመስለዋል። ሐቁ የራሱ ሆኖ ሳለ ዕድሜ ልኩን «ያለ ገንዘብ ፍትሕ የለም» እያለ ያወራል። ዳኛ ሁሉ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሲቀበሉ ተይዘው የተከሰሱም አሉ። ግን ዳኛው ሳያውቅ በስሙ የሚነገደው ንግድ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ውሉን አልጻፍኩም። «እናቴ፣ ወረቀቶችዎ የት አሉ?» አልኳቸው። ከፌስታል ውስጥ ሁሉንም አወጡ፤ የክሱን ግልባጭ፣ የሰጡትን መልስ፣ የቀጠሮ ወረቀት። ይህን ያህል ያለው ሰው መዝገቡ ቢጠፋ እንኳ እንደገና እንዲደራጅ መጠየቅ ይችላል። መዝገብ ጠፋ ማለት ጉዳይ ሞተ ማለት አይደለም። ይህን የሚነግራቸው ሰው ግን እዚያ መስኮት ላይ የለም።

ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማመልከቻ ጻፍን። ሴትዮዋ «ሌቦች ናቸው ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። በየጊዜው የማየው ችግር ይኸው ነው። ሰው ተናዶ ይመጣና «ዳኛው ጉቦኛ ነው» ብሎ ያጽፋል፤ ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም፣ ማን ምን እንዳለ የለበትም። እንዲህ ያለውን አቤቱታ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ምን ብሎ ያጣራው? ፍርዱ አልተስማማኝም ከሆነ መንገዱ ይግባኝ ነው። ለጉባኤው የሚሄደው የዳኛው ሥነ ምግባር ነው፤ ጉቦ ጠየቀኝ፣ ሰደበኝ፣ ያለ ምክንያት መዝገቤን አጓተተ የሚለው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ሁለቱንም ያጣል። ስለዚህ የመዝገቡን ቁጥር፣ የመስኮቱን ቁጥር፣ መቼ ምን እንደተባሉና ሰውዬው ስንት ብር እንደጠየቃቸው ብቻ ጻፍን። ስድብ አንድም የለበትም። በሁለት ቅጂ አተምኩትና «አንዱን ይስጡ፣ ሌላው ላይ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ማኅተም ሳያስመቱ እንዳይወጡ» አልኳቸው።

መዝገቡ ብዙም ሳይቆይ ተገኘ። «በስህተት ሌላ መደርደሪያ ላይ ገብቶ ነው» ተባለ። ይሁን፣ መደርደሪያም ይሳሳታል።

ጉዱ የመጣው በቀጠሮው ቀን ነው። ሴትዮዋ ችሎት ከመግባታቸው በፊት ያንን ሰውዬ ከባላቸው ወንድም ጋር ሲያወራ ያዩታል። ከወንድምየው ጋር ከተካሰሱ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ያን ቀን ግን ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ «አንተም ለዚህ ሰውዬ ከፍለሃል እንዴ?» ብለው ጮኹ። ለካ እሱም ቀጠሮው እንዲፈጥንለት ብሎ ከፍሏል። ያው ሰው ከአንዱ ለማፍጠን ይቀበላል፣ ከሌላዋ ለማስገኘት ይጠይቃል። ሱፍ ለባሹ በየት በኩል እንደወጣ ያየው የለም።

ሁለቱ ባላንጣዎች ተያይዘው የእኔ ጥግ መጡ። ጥቆማ ሊያጽፉ። ወንድምየው ፈርቷል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰጪም ይጠየቃል። ስለዚህ የእሱን ቃል አልጻፍኩለትም። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጡበት ላክሁት፤ መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ ያናግር ብዬ። የሴትዮዋን ግን ጻፍኩ። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል እንዳለም ነገርኳቸው። «ወረቀት ነው የሚጠብቀኝ?» ብለው ሳቁብኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ልሂድ ሲሉም አንድ ነገር ማስረዳት ነበረብኝ። ኮሚሽኑ በ1993 ሲቋቋም ራሱ መርምሮ ራሱ ይከስ ነበር። ከ2008 ወዲህ ግን ምርመራው ወደ ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዷል። ጥቆማ ይቀበላል፣ ለሚመለከተው ያስተላልፋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ኮሚሽኑ በር ላይ አመልክቶ ቤቱ ይቀመጣል፤ ከዚያ «ምንም አላደረጉልኝም» ይላል። እሳቸው ግን የተላለፈበትን ደብዳቤ ቁጥር ተቀብለው ፖሊስ ድረስ ተከታተሉት። በ2015 ኅዳር ላይ ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ሲቋቋም ስንቶቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። በእኔ ዓይን ግን ከዚያ ሁሉ መግለጫ ይልቅ የእኚህ ሴትዮ ፌስታል ይበልጣል።

የመስኮቱ ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ስለ ሰውዬው ፖሊስ ቃላቸውን ተቀብሏል፤ እስካሁን የተሰማ ውጤት የለም። እሳቸውም ቢሆኑ ክርክሩን ሙሉ በሙሉ አልረቱም፤ ፍርዱ የቤቱን ከፊል ለወንድምየው ሰጠ። በማግስቱ ይግባኝ ሊያጽፉ መጡና መጀመሪያ የተከራከሩኝ በዋጋው ነው።